ከስዊድን መጣ የተባለው ጸጉር አስተካካይ

«አያታችሁ ከየት መጡ?» ሲባል አንድ የኒውዮርክ ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት «ከስዊድን» ብሎ መልሷል። መልሱ በ1987 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። አያትየው ግን ስዊድናዊ አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ካለች አንዲት የወይን መንደር የወጣ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ስሙ ፍሪድሪሽ ትራምፕ ይባላል። የልጅ ልጁ ዶናልድ ትራምፕ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ የአያቱም ታሪክ ከየመዝገብ ቤቱ ተፈልጎ ወጥቷል።

እዚህ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለሌላ ምክንያት ነው። ከጀርመን አሜሪካ ገብቶ በእጁ ሙያ ያደረ ሰው ዘሩ እንዴት እንደሚፈለግ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የስም ችግር አለበት። የተቃጠለ መዝገብ አለበት። የተሳሳተ የቤተሰብ ወሬ አለበት። ማንም ሳያየው ለመቶ ዓመት ያህል የተቀመጠ ወረቀትም አለበት። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ወሬውና ምክንያቱ

ዘር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው የቤተሰብ ወሬ ነው። ወሬው ስህተት ሆኖ ሲገኝ ብዙ ሰው ይናደድና ይጥለዋል። እኔ ግን መጠየቅ ያለበት «ወሬው መቼ ተጀመረ? ለማን ጠቀመ?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

የስዊድኑ ወሬ የመጣው ከፍሪድሪሽ ልጅ ከፍሬድ ነው። ፍሬድ ኒውዮርክ ውስጥ ቤት እየሠራ የሚሸጥና የሚያከራይ ሰው ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጀርመናዊ ነኝ ማለት ከባድ ሆነ። ከተከራዮቹ ብዙዎቹ ደግሞ አይሁድ ነበሩ። የቤተሰቡን ታሪክ የሚያውቅ አንድ ዘመድ በኋላ እንዳስረዳው፣ «ስዊድናዊ ነን» የሚለው ነገር የመጣው በዚህ የተነሳ ነው።

ፍሬድን ለመውቀስ አልቸኩልም። ክፉ ቀን ሲመጣ የአባቱን አገር ወይም ወገኑን ደብቆ የኖረ ሰው በእኛም አገር ሞልቷል። ለዘር ፈላጊ ዋናው ነገር ወሬው የተወለደበትን ዘመን ማወቅ ነው። የስዊድኑ ወሬ ከ1940ዎቹ በፊት ወደ ተጻፉ ወረቀቶች ሲወሰድ ይቆማል። እነዚያ ወረቀቶች የተጻፉት መደበቅ ሳያስፈልግ በፊት ነው። ስለዚህ ወደ እነሱ መሄድ ነው።

ከመቃብሩ ወደ ኋላ

ፍለጋ ከሞት ወደ ልደት ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጀርመን ሄዶ «ትራምፕ የሚባል ቤተሰብ አለ ወይ?» ብሎ የሚጀምር ሰው የሌላ ሰው አያት ይዞ ይመለሳል። ሰውየው የሞተበትን ቀን ይዞ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መውረድ ይሻላል።

ፍሪድሪሽ ያረፈው ሜይ 30 ቀን 1918 ነው። የኖረው ኒውዮርክ ክዊንስ ውስጥ፣ ዉድሄቨን በሚባል ሰፈር ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ከልጁ ከፍሬድ ጋር በእግሩ ሲንሸራሸር ነበር። ድንገት አመመኝ አለ፤ በማግሥቱ ሞተ። ያ በ1918 ዓለምን ያዳረሰው፣ እኛ አገር «የኅዳር በሽታ» የምንለው ወረርሽኝ ነው። ዕድሜው 49 ነበር።

ሰው ሲሞት ውርስ ይጣራል። የውርስ ወረቀት ደግሞ ለዘር ፈላጊ ሀብት ነው። የፍሪድሪሽ ንብረት ተደምሮ 31,359 ዶላር ሆነ። ሰባት ክፍል ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ አምስት ባዶ ቦታዎች፣ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ፣ አክሲዮን፣ ለሌሎች ያበደረበት 14 የቤት ብድር። መላጭና መቀስ ይዞ ለገባ ልጅ ትንሽ አይደለም። ወረቀቱ ወራሾቹን ያሳያል። ሚስቱ ኤሊዛቤትና ሦስት ልጆች ናቸው።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ ነው። አሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። የተሞላው ቅጽ ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል። የ1910ሩ ቅጽ ለስደተኛ ቤተሰብ ድንቅ ነው። የትውልድ አገር ይጠይቃል። የአባትንም የእናትንም የትውልድ አገር ለየብቻ ይጠይቃል። አሜሪካ የገባህበት ዓመት፣ ዜግነት ወስደህ እንደሆነ፣ ሥራህ ምን እንደሆነ ሁሉ አለ። ቆጣሪው በር አንኳኩቶ ያገኘውን ሰው ነው የሚጠይቀው። ሚስት ልትሆን ትችላለች፣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓመቱ በአንድ በሁለት ቢዛነፍ አይገርምም።

ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ግን ገደል አለ። የ1890ው ቆጠራ የለም ማለት ይቀላል። በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ መዝገቦቹ የተቀመጡበት ሕንፃ ተቃጥሎ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ፍሪድሪሽ ማንሃተን ውስጥ ጸጉር ሲቆርጥ የነበረው ደግሞ ልክ በዚያ ጊዜ ነው። በ1880 አልመጣም ነበር። በ1900 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ነበር። ሦስቱም ቆጠራ አመለጠው ማለት ነው።

እንዲህ ሲሆን ሰዎች የሚሄዱት ወደ ከተማ ማውጫ ነው። ስልክ ሳይስፋፋ በፊት ትልልቆቹ ከተሞች በየዓመቱ ወፍራም ማውጫ ያሳትሙ ነበር። ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ። ባለሙያ የሆነ ሰው የተሻለ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ደንበኛ እንዲያገኘው ስለሚፈልግ መመዝገብ ይጠቅመዋል። ለኒውዮርክ ሌላም ዕድል አለ። በ1890 ከተማዋ የፌዴራሉ ቆጠራ አሳንሶናል ብላ በፖሊሶቿ ሌላ ቆጠራ አስደርጋ ነበር። አብዛኛው መጽሐፍ ዛሬም አለ።

የዜግነት ወረቀቱ ሌላ ደረጃ ነው። ፍሪድሪሽ ዜጋ የሆነው በ1892 ሲያትል ውስጥ ነው። ከ1906 በፊት ዜግነት በየትኛውም የመዝገብ ቤት ባለው ፍርድ ቤት ይሰጥ ነበር። ቅጹ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዱ ስም፣ ቀንና የቀድሞ ንጉሥ ስም ብቻ ነው። የትውልድ መንደር የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝበትም። ሰው በዚህ ወረቀት ብዙ ተስፋ አድርጎ አንድ መስመር ብቻ ሲያገኝ ልቡ ይሰበራል። ቢሆንም ጥቅም አለው። ሰውየው በ1892 የት እንደነበረ በማያሻማ መንገድ ይነግርሃል።

መርከቧና ስሙ

ፍሪድሪሽ የመጣው «አይደር» በምትባል የብሬመን መርከብ ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 1885 ተነሥታ ኦክቶበር 19 ኒውዮርክ ደረሰች። ዕድሜው 16 ነበር። የወረደው ካስል ጋርደን በሚባለው፣ በማንሃተን ደቡብ ጫፍ ባለው የስደተኞች መቀበያ ነው።

ስለ ኤሊስ ደሴት ሁላችንም ሰምተናል። ግን ደሴቱ የተከፈተው በጃንዋሪ 1892 ነው። በ1885 የመጣን ሰው እዚያ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ይህን ስህተት ስንቱ ሠርቶታል።

የመርከቡ ዝርዝር ስሙን «ትሩምፍ» ብሎ ነው የጻፈው፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ተጨምራለች። ከዚህ ተነሥቶ «ስሙን የቀየረው የአሜሪካ ሹም ነው» ማለት በጣም ይቀናል። ይህ ወሬ በሁሉም የስደተኛ ቤተሰብ አለ። እውነቱ ሌላ ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የመርከቡ ድርጅት ነበር። የአሜሪካ ሠራተኞች የመጣላቸውን ዝርዝር ይዘው ሰውን ያጣሩ ነበር እንጂ አዲስ ስም አያወጡም። የፍሪድሪሽ አባት እዚያው ጀርመን ውስጥ ትራምፕ ሆኖ ኖሮ ትራምፕ ሆኖ ነው የሞተው። በባሕሩ ላይ የተቀየረ ስም የለም።

«ድሩምፍ» የሚለው አጻጻፍስ? እሱ እውነት አለው፤ ግን በጣም የቆየ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን በነበሩ የቤተሰቡ ሰዎች ላይ ይታያል። በዚያ አካባቢ የጀርመንኛ አነጋገር «ት» እና «ድ» ብዙም አይለዩም። «ፕ» እና «ብ»ም እንደዚያው። የመንደሩ ቄስ የሰማውን ይጽፋል። አንዱ ቄስ በ«ድ»፣ የሚቀጥለው በ«ት»። የእኛ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ የተጻፈ አንድ ሰው ነው። ፀሐይና ጸሃይም አንድ ናት። ስም ሲፈለግ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው መፈለግ ያለበት።

ስለ ስም ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘራችንን በቃል የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል። ግን የቤተሰብ ስም የለንም። አሜሪካ ስንገባ የአባት ስም በአንድ ቀን የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሁለት ወንድማማቾች በላቲን ፊደል የአባታቸውን ስም ለየቅል ያስጽፋሉ። አንዱ በአያቱ ስም ይጠራል። የልጅ ልጆቻቸው አንድ ቀን ሲፈላለጉ ከፍሪድሪሽ ዘሮች የባሰ ነው የሚቸገሩት። ስለዚህ አሁኑኑ፣ ሰዎቹ በሕይወት እያሉ፣ ሰባቱን ቤት በአማርኛም በላቲንም ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ወደ መርከቧ ልመለስ። አሜሪካ ውስጥ የደረሱበት ዝርዝር ካለ፣ ጀርመን ውስጥ የተነሡበትስ የለም ወይ? ከሀምቡርግ ለሄዱት አለ። የሀምቡርግ ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ተርፏል፤ የሰዎቹን የመጨረሻ መኖሪያም ይጽፋል። የብሬመን ግን አሳዛኝ ነው። ቦታ ጠበበ ተብሎ የቆዩት ዝርዝሮች በየጊዜው ይወገዱ ነበር። ፍሪድሪሽ በብሬመን ስለወጣ ያ በር ተዘግቷል። አያቱ በየትኛው ወደብ እንደወጣ ማወቅ የአንድ ፈላጊን ዕድል የሚወስነው ለዚህ ነው።

«ባቫሪያ» የሚባለው ወጥመድ

እስካሁን ያየናቸው የአሜሪካ ወረቀቶች ወደ «ጀርመን» ያደርሳሉ። እድለኛ የሆነ ደግሞ «ባቫሪያ» የሚል ያገኛል። ባቫሪያ ሲባል ሁሉም ሰው ሙኒክንና ተራሮቹን ያስባል። ሙኒክ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ግን የፍሪድሪሽን ቤተሰብ አያገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋልትስ የሚባለው ግዛት ከራይን ወንዝ በስተ ምዕራብ ነው። ከሙኒክ በጣም ይርቃል። ከናፖሊዮን ውድቀት በኋላ፣ በ1816፣ ለባቫሪያ ንጉሥ ተሰጠ። በመካከል ሌሎች ግዛቶች እያሉ፣ ተነጥሎ፣ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የባቫሪያ ሆኖ ቆየ። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዘመን «ባቫሪያዊ ነኝ» ያለ ሰው የፋልትስ ገበሬ ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ከፋልትስ ወደ አሜሪካ የፈለሰው ሕዝብ ቁጥር ስፍር የለውም።

መንደሩን ለማግኘት የሚረዳው ሰውየውን ብቻ መከተል አይደለም። ዘመዶቹን መከተል ነው። ፍሪድሪሽ ኒውዮርክ ሲደርስ ሜዳ ላይ አልወደቀም። እህቱ ካታሪና ከሁለት ዓመት በፊት መጥታ ነበር። እሷና ባሏ በታችኛው ምሥራቅ ማንሃተን፣ ፎርሳይዝ በሚባል መንገድ ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ጀርመንኛ የሚነገርበት ነው። እሱም እዚያው ገባ። የመጀመሪያ ሥራውንም ያገኘው ጀርመንኛ ከሚናገር ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ነው። ዛሬም አንድ ዘመድ ሳይኖረው ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ የሚወርድ አበሻ ስንት ነው? አንዱ ይመጣል፣ አንዱን ይስባል። ስለ ፍሪድሪሽ ወረቀቱ ዝም ሲል የእህቱ ጋብቻ፣ የልጆቿ ክርስትና፣ የአማቿ ወረቀት ይናገራል።

የካልሽታት መዝገብ

መንደሯ ካልሽታት ትባላለች። ዛሬ 1,200 ያህል ሰው ይኖርባታል። ዙሪያዋን ወይን ነው። ፍሪድሪሽ ማርች 14 ቀን 1869 እዚህ ተወለደ። አባቱ ዮሐነስ፣ እናቱ ካታሪና ኮበር ናቸው።

የፋልትስን ሰው የሚፈልግ አንድ ትልቅ ዕድል አለው። አካባቢው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በፈረንሳይ እጅ ወድቆ ነበር። ፈረንሳዮች ከ1798 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ አደረጉ። አብዛኛው የቀረው ጀርመን ይህን የጀመረው በ1870ዎቹ ነው። ስለዚህ የካልሽታት ልጅ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንዴ በመንግሥት መዝገብ፣ አንዴ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ። ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል።

ችግሩ ጽሕፈቱ ነው። የዚያን ዘመን ጀርመኖች የሚጽፉት ኩረንት በሚባል የእጅ ጽሑፍ ነው። የዛሬ ጀርመናዊ ራሱ ሳይማር አያነበውም። ከ1798 በፊት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብቻ ነው ያለው። እሱም ከ1618 እስከ 1648 የነበረውን የሠላሳ ዓመት ጦርነትና በ1689 የፈረንሳይ ጦር አካባቢውን ያቃጠለበትን ቃጠሎ አልፎ የመጣ ነው። ያላለፈም ብዙ ነው። ስለዚህ ከ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ኋላ «ያለ ጥርጥር ይሄ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ቀስ በሉ።

በእንዲህ ያለች መንደር ሁሉም ሰው ዘመድ ነው። በ1840 ከካልሽታት ወደ ፔንሲልቫኒያ የሄደ ዮሐን ሃይንሪሽ ሃይንዝ የሚባል ሰው ነበር። ጡብ ሠሪ ነበር። የዚህ ሰው እናት ከትራምፕ ቤት ናት። ልጁ ሄንሪ ደግሞ በ1869፣ ፍሪድሪሽ በተወለደበት ዓመት፣ ዛሬ በካቻፑ የምናውቀውን የሃይንዝን ድርጅት ጀመረ። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። አንድ ጡብ ሠሪና አንድ ጸጉር አስተካካይ፣ ከአንዲት መንደር፣ ከአንድ ዘር።

ፍሪድሪሽ ለምን ጸጉር አስተካካይ ሆነ? መልሱ በአባቱ ሞት ውስጥ አለ። አባቱ ለዓመታት በሳንባ በሽታ ሲማቅቅ ቆይቶ በ1877 ሞተ። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለሕክምና የወጣው ዕዳ ሆኖ ቀረ። እናቲቱ ስድስት ልጆች ይዛ ቀረች። ሌሎቹ ልጆች ወይኑ ላይ ይሠራሉ። ፍሪድሪሽ አካሉ ደካማ ስለነበር ለእርሻ አልሆነም። እናቱ ፍራንከንታል ወደሚባል ከተማ፣ አንድ ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ሙያ እንዲማር ላከችው። ሁለት ዓመት ተኩል ተማረ። ተመልሶ ሲመጣ በመንደሯ የሚቆረጥ በቂ ጸጉር የለም። የውትድርና ዕድሜው እየደረሰ ነው። በቤተሰቡ እንደሚነገረው አንድ ሌሊት ለእናቱ ማስታወሻ ትቶ ወጣ።

ሙያው ሲቀያየር

«ጸጉር አስተካካይ» ብለው ብቻ የሚፈልጉት ሰዎች ከ1891 በኋላ ያጡታል። በዚያ ዓመት ሲያትል ሄዶ ምግብ ቤት ገዛ። በ1894 ሞንቴ ክሪስቶ ወደምትባል የማዕድን መንደር ተዛወረ። እዚያ በ1896 የሰላም ዳኛ (ትንንሽ ጉዳዮችን የሚያይ የአካባቢ ዳኛ) ሆኖ ተመረጠ፤ 32 ለ 5 በሆነ ድምፅ። በካናዳ ሰሜን ምዕራብ፣ ክሎንዳይክ በሚባል ቦታ ወርቅ ተገኘ ሲባል ወደ ሰሜን ዘለቀ። በካናዳ በቤኔት፣ ከዚያ በዋይትሆርስ «አርክቲክ» የሚባል ምግብ ቤትና ማደሪያ ከአንድ ሸሪኩ ጋር ከፈተ። ወርቅ የሚቆፍሩትን እያበላ ነው ገንዘብ ያገኘው። በ1901 ትቶት ወጣ።

በኋላ ኒውዮርክ ሲመለስ ዎል ስትሪት ላይ እንደገና ጸጉር ይቆርጥ ነበር። የተማረው ሙያ ሁልጊዜ ተጠባባቂው ነበር። ለዚህ ዘመኑ ምንጭ የሚሆኑት የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የመሬት ይዞታ ወረቀትና የየመንደሩ ጋዜጦች ናቸው። በማዕድን ከተማ ጋዜጣ ላይ የምግብ ቤት ማስታወቂያ አይጠፋም።

ሽፓየር የተገኘው ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

ፍሪድሪሽ በ1901 ሀብታም ሆኖ ካልሽታት ገባ። የጎረቤት ልጅ ኤሊዛቤት ክሪስትን ወደዳት። እሱ አገር ጥሎ ሲወጣ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች። ኦገስት 26 ቀን 1902 ተጋቡና ኒውዮርክ ሄዱ። በ1904 ሴት ልጅ ወለዱ። ኤሊዛቤትን ግን አገሯ ናፈቃት፤ ኒውዮርክ አልተስማማትም። በዚያው ዓመት ሕፃኗን ይዘው ወደ ካልሽታት ተመለሱ። ፍሪድሪሽ 80,000 ማርክ ያህል ባንክ አስገባ። ሊኖር ነው የመጣው።

መንግሥት ግን ቆጠረ። ይህ ሰው በ16 ዓመቱ ሳያሳውቅ ወጣ። አሁን የተመለሰው 35 ሞልቶት፣ የውትድርና ዕድሜው ካለፈ በኋላ ነው። በ1886 የወጣ የባቫሪያ ደንብ ከውትድርና ሸሽቶ ሰሜን አሜሪካ የሄደ ሰው ዜግነቱን እንዲያጣ ያዛል። አሜሪካና ባቫሪያም በ1868 ስለ ዜግነት ውል ነበራቸው፤ በዚያ መሠረት እሱ አሜሪካዊ ነው። ፌብሯሪ 27 ቀን 1905 ውሳኔ መጣ። እስከ ሜይ 1 አገር ለቀህ ውጣ፤ ካልወጣህ ትባረራለህ።

ፍሪድሪሽ ደጅ ጠና። ባቫሪያን በእንደራሴነት ለሚገዛው ለልዑል ሉዊትፖልድ አቤቱታ ጻፈ። ይህ አቤቱታ ዛሬም አለ። ለእኔ ከፍለጋው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ለምን? ምክንያቱም ሰውየው የሕይወት ታሪኩን በራሱ አንደበት ተርኮበታል። የትና መቼ እንደተወለደ ይናገራል። ወላጆቹ ቅንና እግዚአብሔርን የሚፈሩ የወይን ገበሬዎች እንደነበሩ ይናገራል። ሙያ መማር የጀመረው በ1882 ነው ይላል። ሌሎች የጻፉት 14 ዓመት ሲሞላው ነው፤ አንድ ዓመት ልዩነት አለ። አሜሪካ ገብቶ በትጋት ሠርቶ እግዚአብሔር ባርኮት ሀብታም እንደሆነ ይጽፋል። አሮጊት እናቱ በልጇ፣ በምራቷና በልጅ ልጇ መመለስ ደስ እንዳላት ይጽፋል። ትእዛዙ ከጠራ ሰማይ እንደ ወረደ መብረቅ እንደሆነበት፣ ሚስቱ በጭንቀት እንደተያዘች፣ ሕፃኗ እንደታመመች ይለምናል።

ስለ ክሎንዳይክ ግን አንድ ቃል የለም። ስለ ማደሪያውም፣ ወርቅ ፍለጋ ስለ ጎረፈው ሰካራም ሁሉም የለም። በልዑል ፊት «ንግድ» ብሎ ነው ያለፈው። ውትድርናውንም አይነካውም። አቤቱታ የሚያነብ ሰው የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የተዘለለውን ማየት አለበት። የተዘለለውን የሚሞሉት የሲያትልና የዋይትሆርስ ወረቀቶች ናቸው። ሁለቱ አገር የየራሱን ግማሽ ሰው ይዞ ነበር።

ልመናው ተቀባይነት አላገኘም። ቤተሰቡ በ1905 አጋማሽ ኒውዮርክ ተመለሰ። ወረቀቶቹ ግን ቀሩ። በ2016 ሮላንድ ፓውል የሚባሉ የፋልትስ ታሪክ ተመራማሪ የመባረሪያውን ትእዛዝ ሽፓየር በምትባል የፋልትስ ከተማ ካለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ውስጥ አግኝተው ለሕዝብ አወጡት።

ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። የተፈቀደለት ሰው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። የተከለከለ ሰው ፋይሉ ይወፍራል። ማመልከቻ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የመንደሩ ሹም አስተያየት። ጥገኝነት ጠይቆ ያለፈ ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ያውቃል። አባቱ ወይም እናቱ ሕይወታቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፉበት ብቸኛ ወረቀት ያ ማመልከቻ ሊሆን ይችላል። ቅጂው ካለ አትጣሉት። ጀርመናዊ አያት የሚፈልግም ሰው የልደት መዝገብ ብቻ አይቶ አይመለስ። የውትድርና ስም ዝርዝር፣ የዜግነት ማጣሪያ፣ የቅጣት ፋይል ይጠይቅ። አያቱ ችግር ውስጥ የገባባቸው ቢሮዎች ናቸው አያቱን በደንብ የሚያውቁት።

ስዊድናዊ ነን ብሎ የኖረው ፍሬድ የተወለደው ኦክቶበር 11 ቀን 1905 ብሮንክስ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር ጃንዋሪ ላይ ይወድቃል። በዚያ ጃንዋሪ አባትና እናቱ ካልሽታት ነበሩ፤ የመባረሪያው ትእዛዝ ገና አልደረሰም። ፍሪድሪሽ ለልዑሉ ያንን አቤቱታ ሲጽፍ ኤሊዛቤት ፍሬድን ፀንሳ ነበር።